ሰንጢዬን ለአራስ አላውስም

በእኛ አገር ኪሱ ውስጥ ሰንጢ የሌለው ወንድ ሲለምን ነው የሚውለው። መፋቂያ ሊቆርጥ ይለምናል፤ ጥፍሩን ሊከረክም ይለምናል፤ ከዓባይ በረሃ የወጣ ሸንኮራ ሊልጥ ይለምናል፤ እሾህ ቢወጋው እንኳ እያነከሰ የሰው ደጅ ሄዶ ይለምናል። እኔ መለመን አልወድም፤ እውነቱን ለመናገር ለማኝም አልወድም። ስለዚህ ገና ጢሜ ሳይወጣ ሰንጢ ያዝኩ። ሰንጢ ደግሞ ወላሂ እንደ በርበሬ ነው፤ አንዴ ከለመዱት በቃኝ የለም።

መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ በአንድ ቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። መኪና በበጋ ካልሆነ አይታይም፤ ክረምት ከገባ ከአቀስታ ወዲህ ያለው መንገድ ለበቅሎም ያስቸግራል። የምለብሰውን ኮት ራሴ ነበርኩ የሰፋሁት፤ ከውጭም ከውስጥም ኪስ አበጅቼለታለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰንጢ አንድ ኪስ። ስራመድ ኮቴ ስለሚንኳኳ የሚያውቁኝ ሰዎች ገና ሳያዩኝ መምጣቴን ይሰሙ ነበር።

የመጀመሪያው ሰንጢ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። አጅባር ገበያ ላይ አንድ ቀጥቃጭ የሠራው፣ ከባድ፣ ሲከፈት እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል። ሁለተኛው ከጣሊያን የቀረ ነው ብሎ የሰጠኝ ሰው ምሎልኛል፤ እኔም ለሌላ ሰው ምያለሁ። ሦስተኛው ጎኑ ላይ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ሽቦ አለው። የጠርሙስ ቡሽ መንቀያ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኔ አልጠጣ፤ የሚጠጡት ጎረቤቶቼም የሚጠጡት ጠላ ነው፤ ጠላ ደግሞ ቡሽ የለውም። እሾህ መንቀያ ነው ያሉ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ አገላብጠው አገላብጠው አይተው «የፈረንጅ ጆሮ መጥረጊያ ነው» አሉ፤ እሳቸውን የሚከራከር ስላልነበረ ነገሩ በዚያው ጸና። እኔ ትራስ ውስጥ ጥጥ እጎትትበት ነበር።

የሁሉም አውራ ግን የቀንድ እጀታው ነው። አንድ በጋ ከደሴ እህል ሊጭን የመጣ ሹፌር ሱሪው መቀመጫው ላይ ተተርትሮበት ወደ በረንዳዬ መጣ። ጋቢ አገልድሞ ሱሪውን ሰጠኝና ተቀመጠ። እኔ ስሰፋ እሱ ብርቱካን ሊልጥ ሰንጢ አወጣ። ጥቁር የቀንድ እጀታ፣ ጫፉ ላይ የነሐስ ቀለበት፤ በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ቀጭ አለ። በቃ፣ ያ ድምፅ ልቤን ወሰደው። ስፌቱን ጨረስኩ፤ ሱሪውን ግን አልመለስኩለትም። «ምን ልስጥህ?» አለኝ። «ሰንጢውን» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሱሪው በእኔ እጅ ነው፤ ሰንጢው በእሱ እጅ ነው፤ ገበያው ሞልቷል፤ ጋቢው ደግሞ አጭር ነው። ረዳቱ ከመኪናው ሆኖ ጡሩንባውን ነፋበት። በመጨረሻ ሰንጢውን የጨርቅ ክምሩ ላይ ወረወረልኝና «አንተስ ሰው አይደለህም» ብሎኝ ሄደ። ሰውነቴን የሚጠራጠር ሌላም ሞልቶ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሰንጢ ያለው ግን በቦረና ምድር እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሚስት አላገባሁም፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ በሰንጢዎቼ ላይ አንድ አቤቱታ ነበራት። «ሰው ሚስት ይፈልጋል፣ አንተ ብረት ትፈልጋለህ። ብረት የልጅ ልጅ አይወልድልኝ» ትለኛለች። ይህን ከተናገረች በኋላ ግን ሰንጢዎቼን ለሰው ልጅ ሁሉ ታከፋፍላቸዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ዘንድ አራስ ያለ ብረት አትተኛም። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ከራስጌዋ ቢላዋ ወይም ማጭድ ይቀመጣል፤ ወደ ጓሮ ስትወጣም ይዛው ትወጣለች፤ ጂኒ ብረት ይፈራል። እስከዚህ ድረስ እኔን የሚነካኝ ነገር የለም። መከራዬ የጀመረው አንዲት ሴትዮ ሰንጢ ከቢላዋ ይበልጣል ብላ በተናገረች ጊዜ ነው። ምክንያቷን ስሙልኝ፤ ቢላዋ ጂኒውን ያባርረዋል እንጂ አይዘውም፤ ሰንጢ ግን ሲታጠፍ ጂኒውን ከነጭራው ውስጡ ይዘጋበታል። ደግሞም ቢላዋ ሽንኩርት ይጠብቀዋል፤ የልብስ ሰፊው ሰንጢ ምን ሥራ አለው? ሴትዮዋ እናቴ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ኪሴ የሰፈሩ ሁሉ ኪስ ሆነ። ጥር ሰርግ ነው፤ ጥር ከሆነ ጥቅምት ወሊድ ነው። ጥር ላይ ጎንበስ ብዬ የሙሽራ ልብስ ስሰፋ ለካ የራሴን ኪስ እየተረተርኩ ነው። ጥቅምት ሲገባ በር ይንኳኳል፤ እናቴ ኮቴን ከግድግዳው ታወርዳለች፤ «አብሽሪ፣ የልጄ ሰንጢ አለልሽ» ትላለች፤ ሴትየዋ «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ትሄዳለች። እኔን የሚጠይቀኝ የለም። ሰንጢው ሲመለስ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አንዱ አፉ ተሸርፎ መጣ። «ምን ሆኖ ነው?» ብላት አራሷ ዓይኗን ሳታሽ «ጂኒውን አግኝቶት ነዋ» አለችኝ። የበግ አጥንት ስብርባሪ እኮ አሁንም መጋጠሚያው ውስጥ ነበር።

«ጂኒ ብረት የሚፈራ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪናዬ ዙሪያ ክር የሚበጥስብኝ ማነው?» እላቸው ነበር። ቁርአን የቀራሁ ሰው ነኝ፤ ነፍስን የሚጠብቅ አላህ ነው እንጂ ሰንጢ አይደለም ብዬ እከራከራለሁ። እነሱም «ልክ ነህ» ይሉና ሰንጢውን ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ ሁሉ መካከል የቀንድ እጀታውን አስጥያለሁ። ኮቴ ውስጥ አላስቀምጠውም፤ ቀን ከወገቤ፣ ስተኛ ከጉያዬ አይለይም። ለማንም አራስ አልሰጥም ብዬ ምዬ ነበር፤ ለብዙ ጊዜም ቃሌን ጠበቅሁ።

እንግዲህ ከአጥራችን ማዶ አንድ አናጢ ጓደኛዬ ነበር። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እኔ እስላም ነኝ፤ አብረን ነው ያደግነው። ሚስቱ ዝምተኛ፣ ደግ ሴት ናት፤ እናቴን እንደ እናቷ ነው የምታያት። ይህች ሴት ሾተላይ አለባት ይባል ነበር። የምትወልደው ልጅ ሁሉ ሳይጠና ይሞትባታል። ከአንድም ሁለት ሦስቴ ቀበረች። ዘንድሮ ደግሞ አርግዛለች። ከደብሩ ጠበል ተቀድቶላታል፤ እናቴ ከሼሁ ሂርዝ አጽፋ አምጥታ አንገቷ ላይ አስራላታለች፤ እንዳይቀር የተባለ ነገር አልቀረም።

መውለጃዋ ሲቃረብ ሰፈሩን ሁሉ የሚያዋልዱት አሮጊት እኛ ቤት መጡ። እኔም ቤት ነበርኩ። አሮጊቷ ከእናቴ ጋር ተንሾካሾኩና ብይናቸውን ሰጡ፤ ሌላ አራስ የተጠበቀችበት ብረት ለሾተላይ አይሆንም፤ ሾተላዩ ለምዶታል፤ አይፈራውም። የማንም አራስ ራስጌ ያልገባ ብረት መሆን አለበት። እናቴ ስለ ሰንጢዎቼ አንድ ባንድ ነገረቻቸው፤ ባሌስትራው የእንትና ቤት ገብቷል፤ ጣሊያኑ ሁለቴ ወጥቷል፤ ባለሽቦው አሁንም አልተመለሰም። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ዞረው ወገቤን አዩት። ስስቴ ራሴ ላይ ዞረብኝ። እንዲያ ስጠብቀው የኖርኩት ሰንጢ በመላው ሰፈር ንጹሕ ብረት እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

«አላውስም» አልኩ።

እናቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዝም አለችኝ፤ ማለትም በዶሮዋ በኩል ነበር የምታናግረኝ። «አንቺ ዶሮ፣ ለሰንጢው ጌታ ምሳው ቀርቧል በይው» ትላለች። «አንቺ ዶሮ፣ ከመብላቱ በፊት እጁን ይታጠብ በይው» ትላለች። ዶሮዋም አንገቷን ቀና አድርጋ ታየኛለች። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ «አንቺ ዶሮ፣ ታጥቤያለሁ በያት» እላለሁ። እንዲህ ሆነን ሰነበትን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አናጢው ጓደኛዬ በረንዳዬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ሰንጢ አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ እንዲጠይቀኝ ተዘጋጅቼ፣ የምመልሰውን መልስ አሹዬ ነበር የምጠብቀው። የወዳደቀ ጨርቅ አንስቶ ያጣጥፋል፣ ይዘረጋል፣ መልሶ ያጣጥፋል። ከዚያ «ሌላ ጊዜ ልጅ ሲመጣ ትንሽ አልጋ እሠራ ነበር» አለኝ። «ዘንድሮ አልሠራሁም። እንጨቱንም አልቆረጥኩ። ያለፈው እኮ ክርስትና ከተነሳ በሳምንቱ ነው የሄደው፤ በቃ ተረፈልን ካልን በኋላ።» ይህን ብሎ ለመሄድ ተነሳ።

ሰው እንዲህ ሲሆን አልችልም። ንዴት መጣብኝ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። ሰንጢውን ከወገቤ ፈትቼ ደረቱ ላይ ለጠፍኩለት። «ውሰድ። ውሰደውና ከፊቴ ጥፋ። ልጁ ክርስትና በተነሳ ቀን ግን፣ ብረት እስከዚያ ነውና፣ በእጄ እንዲገባ። አዛጋችሁት እንዳልሰማ። ሽንኩርት ቢቆረጥበት ደግሞ አልምርህም» አልኩት። እሱ ሰንጢውን በሁለት እጁ ይዞ ሄደ። ማታ እናቴ ራሷ አናገረችኝ፤ ዶሮዋ ከመልእክተኝነት አረፈች።

አሁን እንግዲህ ጭንቀቴን ስሙኝ። የክርስቲያን ልጅ ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሳው፤ ሴት ከሆነች በሰማንያ። አርባና ሰማንያ ለሌላ ሰው የቀን ቁጥር ይሆናል፤ ለእኔ ግን የሰንጢዬ የእስር ዘመን ነው። በሶላቴ መጨረሻ ላይ «ያ አላህ፣ ለጎረቤቴ ወንድ ልጅ ስጠው» እያልኩ እለምን ነበር። እናቴ ሰምታኝ ልቧ ተነካ፤ «ልጄ ደግ ሰው ነው» ብላ በየቤቱ አወራች። እኔም አላስተባበልኩም።

የተወለደው ዓርብ ቀን ነው። ለጁምዓ ልወጣ እየታጠብኩ ሳለሁ ከአጥር ማዶ እልልታ ተነሳ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው እልል የሚባለው። ውኃው ከክርኔ እየተንጠባጠበ ቆሜ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጆሮዬን ወደ አጥሩ አስጠጋሁ። ከሦስተኛው በኋላ አንዲት ሴት ሳል ያዛት፤ ለአፍታ አራተኛው መስሎኝ ነበር። ሌላ ድምፅ አልመጣም። ሰማንያ ቀን። እናቴ እንባዋን እየጠረገች ገብታ «ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ ግማሹን ከልቤ።

ዕለቱን እየቆጠርኩ መቀመጥ አልሆነልኝም። ጥቂት ከሰነበተ በኋላ ዝገቱ አስጨነቀኝ። የአራስ ቤት ጭስና ቅቤ ለብረት ይስማማል እንዴ? የስፌት መኪናዬን ዘይት ይዤ ሄድኩና ከደጅ ቆሜ ሰንጢውን አውጡልኝ፣ ዘይት ልቀባው አልኳቸው። ውስጥ ምክክር ሆነ። አሮጊቷ ወጡና «ብረቱ ከልጅቷ አይለይም» አሉኝ። «እንግዲያው ልግባና እዚያው ልቀባው» ብል ወንድ ልጅ አራስ ጓዳ አይገባም። ብረቱ ካልወጣ እኔ አልሄድም፤ ብረቱ ከወጣ ልጅቷ ባዶዋን ትቀራለች። በመጨረሻ አሮጊቷ አሰቡና መፍትሔ አገኙ። ብረቱ ይውጣ፤ ልጅቷም ከብረቱ ጋር ትውጣ።

እኔ ሕፃን አቅፌ አላውቅም። በረንዳቸው ላይ አስቀመጡኝና የተጠቀለለች ነገር ጭኔ ላይ አኖሩ፤ ሰንጢውን በቀኝ እጄ ሰጡኝ። በአንድ እጅ ሰንጢ ዘይት መቀባትና በሌላው ሕፃን መደገፍ፣ ሞክሩትማ። መተንፈስ ፈርቼ ስቀባ የአገሩ ሴት ቆሞ ያየኛል። ልጅቷ ፊቷ የተጨማደደ፣ ቀይ፣ ዓይኗን አንዱን ብቻ ከፍታ የምታይ ናት። መልኳ የሚያስመሰግን አልነበረም። እጀታውን ስጠርግ አፏን ከፍታ አዛጋች፤ «ሥራዬ አሰልችቷታል» አልኩ፤ ሴቶቹ ሳቁ።

በሳምንቱም ዝገት አስጨነቀኝ። ከዚያም በሳምንቱ። መቼም የዚያን ጊዜ ያን ያህል ዘይት የጠጣ ሰንጢ በአገሩ የለም። ሲከፈት ድምፁ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። እናቴ «ዛሬስ ብረቱ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ «ክብደት ጨምሯል» እላታለሁ፤ «አገጩ ሞልቷል» እላታለሁ፤ «ትናንት ሳቀችልኝ» ያልኩም ቀን አለ። እናቴ ብልህ ሴት ናት፤ ብረት ይስቃል እንዴ አላለችኝም።

ሰማንያው ሞላ። ልጅቷ ክርስትና ተነሳች፤ አሮጊቷም ከእንግዲህ መላእክት ይጠብቋታል፣ ብረት አያስፈልጋትም አሉ። ለእኛ ለእስላሞቹ እናቴ ያዘጋጀችው ምግብ ለብቻ ቀርቦልን በላን፤ መረቅን። ልንወጣ ስንል እናትየው ሰንጢውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች። «ወንድምዬ፣ አደራህን ተቀበል። እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። በአንድ እጇ ሰንጢውን ዘረጋችልኝ፤ በሌላው የበሩን መቃን ይዛለች። መቃኑን የያዘው እጇ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ነው የጨበጠው። አየሁ። አየሁና ወሰድኩ። አደራ አደራ ነው፤ ቃል ቃል ነው፤ ሰንጢው ደግሞ የኔ ነው።

በማግስቱ በረንዳዬ ላይ ሰንጢዬን ከፈትኩ ዘጋሁ። ዘይቱ ሲለቀው ያ የድሮ ድምፁ ተመለሰ፤ ቀጭ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። መፋቂያ ቆረጥኩበት፤ ብርቱካን ላጥኩበት፤ ለሰው አሳየሁት። ሥራው ሁሉ እንደ በፊቱ ነው። እኔ ግን ማለዳ ከቤት ከመውጣቴ በፊት አጥሩ ጋ ቆሜ የልጅቷን ለቅሶ ሳልሰማ መሄድ አቃተኝ። ስታለቅስ እሰማና «ይህቺ ጯሂ» ብዬ እሄዳለሁ።

ክርስትናው ባለፈ በሳምንቱ የገበያ ቀን ነበር። አናጢው ጎህ ሲቀድ ጣሪያ ሊሠራ ከከተማ ወጥቷል። አጥሩ ጋ ቆምኩ፤ ጸጥ ያለ ነው። እናቴን «ዛሬ ያቺ ልጅ አላለቀሰችም?» አልኳት። «እንጃ፣ እኔም ድምፅዋን አልሰማሁም» አለችኝ፤ ወተት እየናጠች ነበር፤ ልብ ብላም አልተናገረችው። ወደ ገበያ ሄድኩ።

ሥራ አልያዝ አለኝ። መርፌ ሰበርኩ። አንድ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ሱሪ እያሰፉ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ጨርሼ ሰጠኋቸው፤ ዘረጉት፤ አገላበጡት፤ ከዚያ በትሕትና «ልጄ፣ እኔኮ እግሬ ሁለት ነው» አሉኝ። ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍቼው ከረጢት አድርጌዋለሁ። ይቅርታ ጠይቄ ስፌቱን ልተረትር የቀንድ እጀታውን ከፈትኩ። በዚያ ቅጽበት አንዲት ልጅ ያዘለች ገበያተኛ በበረንዳዬ ፊት አለፈች፤ የጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል። ያለፈው ልጅ ክርስትና በተነሳ በሳምንቱ ነው የሄደው ብሎ አናጢው ያለኝ ትዝ አለኝ። ዛሬ ሳምንቱ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ሰንጢው ደግሞ እዚህ እጄ ውስጥ ነው። ቁርአን የቀራሁ ሰው፣ በጂኒ ስስቅ የኖርኩ ሰው፣ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ተነስቼ ሮጥኩ።

ሰንጢው ክፍት መሆኑን አላሰብኩትም። ሰዉ ግን አየው። በገበያ ቀን፣ ቁጡ መሆኑ የታወቀ ልብስ ሰፊ፣ ባዶ ራሱን፣ ስለት መዝዞ በሕዝብ መካከል ሲሮጥ ምን ይባላል? «ያዙት፣ ሰው ሊገድል ነው» አለ አንዱ። በርበሬ ነጋዴዎቹ ዘንቢላቸውን አቅፈው ተጋደሙ። በጎቹ ተበተኑ። «ኮቴን አጠበበብኝ» እያለ ስሜን ሲያጠፋ የከረመ ሰውዬ ወደ እሱ የምመጣ መስሎት «ኮቱ ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያለ አህያ ሆድ ሥር ገባ። የገበያውን ጸጥታ የሚጠብቀው ነጭ ለባሽ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ከኋላዬ ተከተለ፤ ከእሱ ኋላ ሽማግሌው ከረጢት የሆነ ሱሪያቸውን ይዘው፤ ከእሳቸው ኋላ ገበያው። እኔ የሰማሁት ነገር የለም።

እናትየው ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ትለቅማለች። እኔን ስታይ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ሳላናግራት አልፌያት ገባሁ። ልጅቷ መደቡ ላይ ተጋድማለች፤ አትንቀሳቀስም። ተንበርክኬ መዳፌን አፍንጫዋ ሥር አደረግሁ። መጀመሪያ ምንም አልታወቀኝም። ከዚያ ሞቅ ያለች ትንፋሽ መጣች፤ ሄደች፤ ደግማ መጣች። ተኝታ ነው። ጠግባ፣ ከንፈሯ ላይ ወተት ደርቆ፣ ማለዳውን ሁሉ ተኝታ ነው። ሰንጢውን አጥፌ ከትራሷ ሥር ጨመርኩና እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ነጭ ለባሹ እየለፈለፈ ገባ፤ ከኋላው በሩ በሰው ተዘጋ። በጫጫታው ልጅቷ ነቅታ ጮኸች። ቤቱን እስኪያናጋ ጮኸች። እኔ ደግሞ የዚያን ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ ከእሷ እኩል አለቀስኩ። እናትየው መጥታ አየችኝ፤ ትራሱን አየች፤ ገባት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ነጭ ለባሹ ግራ ተጋብቶ አንዴ እኔን አንዴ ሕፃኗን ያያል። ማንን ልገድል እንደነበር ጠየቀኝ። ከትራሱ ሥር ሰንጢውን ጎትቶ አወጣና በመዳፉ ይዞ አነሳው።

«ይሄ የማን ነው?» አለኝ።

«የሷ ነው፤ መልስላት» አልኩት።